ያረጀ ውሻ ቤት ሲያቆሽሽና ሌሊት ሲያላዝን፦ ለሐረር ነዋሪዎች የተዘጋጀ የአያያዝ መመሪያ

ለዓመታት ደጅ ሲጠብቅ የኖረ ውሻ ዕድሜው ሲገፋ በረንዳ ላይ፣ በማድቤት ደጃፍ ወይም በተኛበት ጆንያ ላይ መሽናትና መጸዳዳት ይጀምራል፤ ሌሊቱንም ያለ ግልጽ ምክንያት ሲያላዝን ያድራል። ቤተሰቡ ይህን አብዛኛውን ጊዜ እንደ መጥፎ ጠባይ ይቆጥረዋል፤ ጎረቤትም የውሻን ማላዘን እንደ ሟርት የሚያይ ከሆነ የባለቤቱ ጭንቀት እጥፍ ይሆናል። በእንስሳት ሕክምና ዕውቀት ግን ሁለቱም ነገሮች ምልክቶች እንጂ ጥፋቶች አይደሉም። ዕድሜውን ሙሉ በንጽሕና የኖረ ውሻ በእርጅናው ልማዱን የሚለውጠው ሕመም ሲሰማው፣ አካሉ አልታዘዝ ሲለው ወይም አእምሮው ሲደክም ነው። የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ምክንያቱ ይለያል፤ ቀጥሎ የውሻው ማደሪያና የቀን ውሎው ከቀረው አቅም ጋር ይስተካከላል፤ መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሰጠዋል፤ ዱላ ግን በየትኛውም ደረጃ ቦታ የለውም።

የሐረር ሁኔታ ለብቻው የሚታይበት ምክንያት

በሌላ ከተማ ያረጀ ውሻ ሌሊት ሲያስቸግር ወደ ውጭ አስወጥቶ በሩን መዝጋት ቀላል መፍትሔ ሊመስል ይችላል። በሐረር ግን ይህ መንገድ ውሻውን ለጅብ አሳልፎ ከመስጠት አይለይም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደተገነባ የሚነገርለትና እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የጀጎል ግንብ፣ ከግርጌው ጅብ የሚያሾልኩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ከመሸ በኋላ ጅቦች በእነዚህ ቀዳዳዎችና በበሮቹ በኩል ወደ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች እየገቡ አጥንትና ጥራጊ ይለቅማሉ፤ ከግንቡ ውጭም ለጅብ ሥጋ የማብላት ልማድ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ ጅብን ይጮህበታል፣ ሲብስበትም ይሸሻል፤ እግሩ የደከመና ጆሮው የከበደ ውሻ ግን ሁለቱንም አይችልም።

ሁለተኛው ልዩ ሁኔታ ውሻ በቤቱ ውስጥ ያለው ቦታ ነው። በሐረር ለዘመናት በተሠራበት በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር መታጠብ ስላለበት፣ በብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ውሻ የሚኖረው ከመኖሪያ ክፍል ውጭ ነው፤ ከግንቡ ውጭ በሚገኘው አዲሱ ከተማ በሚኖሩ ክርስቲያን ቤተሰቦች ዘንድም ቢሆን ልማዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ቤት ማቆሸሽ» ሲባል በአመዛኙ በረንዳን፣ የግቢን ንጣፍ፣ የዘበኛ ቤትን፣ ማድቤትንና የበርን ደፍ ማቆሸሽ ማለት ነው። ውሻው ጓዳና ሳሎን ለሚገባበት ቤተሰብም የሚከተሉት እርምጃዎች ሳይለወጡ ይሠራሉ።

1. ሦስት ቀንና ሌሊት መመዝገብ

ከሕክምናም ሆነ ከአያያዝ ለውጥ የሚቀድመው ሥራ መመዝገብ ነው። ባለቤቱ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ውሻው የሸናበትን ወይም የተጸዳዳበትን ሰዓት፣ ቦታውንና መጠኑን፣ በዚያን ጊዜ ቆሞ፣ አጎንብሶ ወይም ተኝቶ እንደነበር፣ ያላዘነበትንም ሰዓትና ሲያላዝን የሚያደርገውን ነገር በደብተር ይጽፋል። ይህ ማስታወሻ ለሐኪሙ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ከሽንቱ መልክና ሰዓት ብቻ ብዙ ነገር መለየት ይቻላል።

ውሻው ከእንቅልፉ ሲነሣ የተኛበት ጆንያ ረጥቦ ከተገኘና ሽንቱ ሳይታወቀው የፈሰሰ ከመሰለ፣ ጉዳዩ የሽንት ፊኛን የሚዘጋው ጡንቻ መላላት ነው፤ ይህም በሴት ውሾች፣ በተለይም ማሕፀናቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ላይ ይበዛል። ብዙ ውኃ እየጠጣ በየጊዜው ሰፊ ኩሬ የሚያክል ሽንት የሚሸና ከሆነ ኩላሊት፣ የስኳር በሽታ ወይም የዕጢ መዛባት ይጠረጠራል። እየደጋገመ እያማጠ ጥቂት ጥቂት ሲሸና፣ ሽንቱም ደም ሲቀላቅል፣ የፊኛ ቁስለት ወይም ጠጠር፣ በወንድ ውሻ ላይ ደግሞ የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ ሊሆን ይችላል። ወደ በሩ አቅጣጫ ሄዶ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚሸና ውሻ ፍላጎቱን የሚያውቅ፣ መገጣጠሚያው ግን አልታዘዝ ያለው ነው። እየተራመደ ሳይታወቀው ኩስ የሚጥል ውሻ ብዙውን ጊዜ አከርካሪው ወይም የኋላ እግሮቹ ነርቭ የተዳከመ ነው። በመጨረሻም፣ ውጭ ወጥቶ ሳይሸና ተመልሶ ወዲያው ቤት ውስጥ የሚሸና፣ ቦታውንም የማይመርጥ ውሻ ለምን እንደወጣ የዘነጋ፣ ማለትም አእምሮው የደከመ ሊሆን ይችላል።

ማላዘንም እንዲሁ መልክ አለው። ሲነሣና ሲተኛ ብቻ የሚያቃስት ውሻ ሕመም አለበት። ሰው ሲለየው የሚያለቅስ ውሻ ፈርቶ ነው፤ ዓይኑና ጆሮው ሲደክሙ ከሰው መለየትን የበለጠ ይፈራል። እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ጥግ ዞሮ ቆሞ የሚያላዝን ግን የት እንዳለ የጠፋው ነው። ጆሮውን አቁሞ፣ ጠጉሩን አሹሎ ወደ አጥሩ እያየ የሚያላዝን ውሻ ጅብ አሽትቶ ነው፤ ይህ የውሻ ወግ እንጂ ሕመም አይደለም፤ መፍትሔውም ስለ ማደሪያና አጥር በሚናገረው በ6ኛው ክፍል ተገልጿል።

2. አስቸኳይ ምልክቶችን መለየት

ሦስቱ የምዝገባ ቀናት የሚጠበቁት አስቸኳይ ምልክት ከሌለ ብቻ ነው። ከአስቸኳዮቹ ሁሉ የሚቀድመው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ይህም በምራቅ የሚተላለፍ፣ አንጎልን የሚያጠቃና ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የሌለው በሽታ ነው። ጠባዩ በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት የተለወጠ፣ ድምፁ የጎረነነ ወይም የተሰባበረ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የወደቀ፣ መዋጥ ያቃተው፣ የኋላ እግሩ የሚጎተት ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ውሻ፣ ዕድሜው የቱንም ያህል ቢሆን፣ እርጅና ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። የእርጅና ለውጥ በወራት ቀስ እያለ ይመጣል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ግን በቀናት ይባባሳል፤ የታመመው ውሻም አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ በታየ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል።

ይህ ጥርጣሬ ሲኖር ውሻው ሰው በማይደርስበት ክፍል ይዘጋበታል፤ አጥንት ተቀርቅሮበት ይሆናል በሚል እጅ ወደ አፉ አይሰደድም፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያም ወዲያው ይነገራል። የተነከሰ ወይም ምራቅ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር እንደ ሕይወት ፋናና ጀጎል ወዳሉት ሆስፒታሎች መሄድ አለበት።

ሁለተኛው አስቸኳይ ሁኔታ ማሕፀኗ ያልወጣላት አሮጊት ውሻ የሚገጥማት የማሕፀን መግል ነው። ይህ ሕመም ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይመጣል፤ ውኃ ጥም፣ የሽንት መብዛት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የሆድ መነፋትና አንዳንድ ጊዜም መግል የመሰለ ፈሳሽ ምልክቶቹ ናቸው፤ ሳይታከም ቢቆይ ይገድላል። ሦስተኛው አስቸኳይ ሁኔታ ውሻው እያማጠ ጨርሶ መሽናት ሲያቅተው ነው፤ የተዘጋ የሽንት መስመር በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል ነገን አይጠብቅም።

3. ወደ ሐኪም መውሰድና ውኃውን መለካት

አስቸኳይ ምልክት የሌለበት ውሻም ቢሆን ምዝገባው እንዳለቀ ምርመራ ያስፈልገዋል። በከተማው ካሉት የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች ሌላ፣ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለአካባቢው ቅርብ የሆነ ከፍተኛ የሙያ ተቋም ነው። ውሻው በባጃጅ የሚጓዝ ከሆነ አስቀድሞ ከባለንብረቱ ጋር መስማማት፣ ከሥሩ ማዳበሪያ ከረጢትና አሮጌ ጨርቅ ማንጠፍ፣ አፉንም ትንፋሽ በማይከለክል ለስላሳ ጨርቅ ለአጭር ጊዜ ማሰር ተገቢ ነው። ጠዋት የተሸናውን የመጀመሪያ ሽንት በንጹሕ ብልቃጥ ይዞ መሄድ ምርመራውን ያፋጥነዋል።

ከመሄድ በፊት ባለቤቱ በቤቱ የሚያደርገው አንድ ቀላል መለኪያ አለ። አንድ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ እየተሞላ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ለውሻው የተቀዳው ውኃ ይቆጠራል፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት በሳህኑ የቀረው ተለክቶ ይቀነሳል። ጤነኛ ውሻ በአንድ ኪሎ ክብደቱ በቀን 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ ከመጠን በላይ ነው። ስለዚህ 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ከጠጣ ጉዳዩ የጠባይ ሳይሆን የሕመም ነው ማለት ይቻላል። ክብደቱን ለማወቅ ባለቤቱ ውሻውን አቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ብቻውን ተመዝኖ ልዩነቱን ይወስዳል።

አካላዊ ሕመም ከሌለ፣ ወይም ካለም ታክሞ ችግሩ ካልተወገደ፣ ሐኪሙ የሚያስበው የእርጅና የአእምሮ መድከምን ነው፤ ይህም በሰው ላይ ከሚታየው የመርሳት ሕመም ጋር የሚመሳሰል፣ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ የሚጎዱበት ሁኔታ ነው። ምልክቶቹ አምስት ናቸው፦ በሚያውቁት ግቢ ውስጥ መጥፋት፣ ከቤተሰብ ጋር ያለ ግንኙነት መለወጥ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት መንቃት፣ የንጽሕና ልማድን መርሳት እንዲሁም መቅበዝበዝ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 11 እና 12 ዓመት ከሆነ ውሾች 28 በመቶው፣ 15 እና 16 ዓመት ከሆኑት ደግሞ 68 በመቶው ከእነዚህ ምልክቶች ቢያንስ አንዱ እንደታየባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ነገሩ ከተለመዱት የእርጅና ችግሮች አንዱ ነው።

4. የምግብና የውኃ ሰዓትን ማስተካከል

ብዙ ቤተሰብ ለውሻው የሚሰጠው የማዕድ ትራፊ ነው፤ ለወጣት ውሻ የማይታወቀው የዚህ ልማድ ጉዳት በአሮጌው ላይ ይገለጣል። ወጥ ጨው ይበዛዋል፤ ጨው ጥም ያመጣል፤ ጥምም ሌሊት ሽንት ይሆናል። ከዚህ በላይ የወጥ መሠረት የሆነው ሽንኩርት ቢበስልም ባይበስልም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያፈርስ መርዝ አለው። በጾም ወራት ደግሞ ትራፊው ሽሮና እንጀራ ብቻ ስለሚሆን ያረጀ ውሻ ሥጋው ይመነምናል። ስለዚህ የውሻው ምግብ ቅመም፣ ጨውና ሽንኩርት ሳይገባበት ለብቻው ቢቀቀል ይመረጣል፤ ሩዝ፣ ጥቂት የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ይበቃዋል። ኩላሊቱ ለተጎዳ ውሻ ግን የሥጋው መጠን በሐኪም ይወሰናል። በዐረፋና በፋሲካ የዕርድ ሰሞን ጥሬ ጉበትና ሳንባ መጣል የእጭ ከረጢት በሽታን ወደ ውሻው፣ ከውሻውም በኩሱ ወደ ሰው ያስተላልፋል፤ ይህ ልማድ ለየትኛውም ውሻ መቅረት አለበት።

ምግቡ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 1 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢሰጥ፣ የማታው ምግብ ሆዱን ከሚያንቀሳቅስበት ጊዜ በኋላ ሳይጨልም ውሻው ይጸዳዳል። ውኃ ግን በምንም ሁኔታ አይከለከልም። ከተማው ለረጅም ጊዜ ውኃ ይቀዳበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከደረቀ ወዲህ የውኃ እጥረት ለሐረር ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ኩላሊቱ የደከመ ውሻ የሚሸናውን ያህል ካልጠጣ በቀናት ውስጥ ስለሚወድቅ፣ ሽንቱን ለመቀነስ ሲባል ውኃውን መቁረጥ ሕመሙን ማባባስ ነው።

5. የመውጫ ሰዓቶች

ያረጀ ውሻ ፊኛውን እንደ ወጣትነቱ ለረጅም ሰዓት መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ እስኪጠይቅ ሳይጠበቅ በየሦስትና በየአራት ሰዓቱ፣ ከዚህ ሌላም ከእንቅልፍ እንደነቃና ከበላ በኋላ ወደተመደበለት ቦታ ይወሰዳል። ከግቢ ውጭ የሚደረገው የመጨረሻ ጉዞ ከ11 ሰዓት ተኩል ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት መውጫዎች በግቢ ውስጥ፣ በሰው አጀብና በመብራት ይሆናሉ። ለዚህ የሚሆነው በግቢው አንድ ጥግ ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ ስፋት ያለው አሸዋ ወይም ሰጋቱራ የተነጠፈበት ቦታ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሽንቱ የነካው ጨርቅ እዚያ ቢቀመጥ ውሻው ቦታውን በሽታ ያውቀዋል። በቦታው ሲሸና ወዲያው በለሰለሰ ድምፅ ይመሰገናል ወይም ቁራሽ ይሰጠዋል። ሌላ ቦታ ሲሸና ግን አይመታም፤ አፍንጫውን ሽንቱ ውስጥ መንከርም ፍርሃት ከመጨመር በቀር የሚያስተምረው ነገር የለም፤ የሚፈራ ውሻም ተደብቆ ይሸናል።

6. ማደሪያና አጥር

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ሌሊቶች ይቀዘቅዛሉ፤ ቅዝቃዜም የመገጣጠሚያ ብግነትን፣ ማለትም የአጥንት መጋጠሚያ የሚያብጥበትንና የሚታመምበትን ሁኔታ ያባብሳል። ማደሪያው ከሲሚንቶ ወይም ከድንጋይ ንጣፍ በአንድ ስንዝር ከፍ ባለ የጣውላ መደብ ላይ ይዘጋጃል፤ ከታች ማዳበሪያ ከረጢት፣ መካከሉ ላይ ስፖንጅ ወይም ጭድ፣ ከላይ በየቀኑ የሚለወጥ ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። በዚህ አሠራር ሽንቱ ወደ ስፖንጁ ሳይዘልቅ ላይኛው ጨርቅ ብቻ እንዲታጠብ፣ በጨርቁና በስፖንጁ መካከል ሌላ ስስ ላስቲክ ቢገባ የተሻለ ነው።

በጀጎል ነባር ግቢዎችም ሆነ በአዲሱ ከተማ የበር ደፎችና የድንጋይ ደረጃዎች ለደከመ እግር እንቅፋት ናቸው። ስለዚህ አንድ ክንድ የማይሞላ ስፋት ያለው ጣውላ ላይ ጆንያ በሚስማር መትቶ፣ ከደፉ ወደ መሬት አዘንብሎ ማስቀመጥ፣ ውሻው ሳይንሸራተት በራሱ እንዲወጣ ያስችለዋል፤ ይህ ቀላል ሥራ ብቻውን የበረንዳውን ሽንት የሚያስቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ዓይኑ ለደከመ ውሻ ደግሞ ዕቃዎች ከለመደው ቦታ ባይነሡ ይመረጣል።

ማደሪያው ከውጭ አጥር ርቆ፣ ወደ ሰው መኝታ ቀርቦና በር ያለው ሆኖ መዘጋጀቱ ለሐረር ግዴታ ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ተረት በዚህ ከተማ ቃል በቃል ይሠራል፤ ውሻው በወጣትነቱ የሾለከባቸው የአጥር ቀዳዳዎች፣ ከበር ሥር ያሉ ክፍተቶችና የውኃ መውረጃዎች በድንጋይና በሽቦ መደፈን አለባቸው። የምግብ ትራፊና አጥንት ግቢ ውስጥ ካላደረ ጅቡ ወደ በሩ የሚቀርብበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ጅብ ካልቀረበም የፍርሃቱ ማላዘን አብሮ ይቀንሳል። የጫት ገራባም ከውሻው መድረስ የለበትም፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብንም ያፈጥናል።

7. ማጽዳት

የሽንት ሽታ ካልጠፋ ውሻው እዚያው ይመለሳል። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ወደሚባለው የሚሰነፍጥ ጋዝ ስለሚለወጥ፣ አሞኒያ ያለባቸው የማጽጃ ፈሳሾች ለውሻው እንደገና «እዚህ ሽና» እንደማለት ናቸው። በሲሚንቶና በሸክላ ንጣፍ ላይ መጀመሪያ ሽንቱ በአሮጌ ጨርቅ ተመጥጦ ይነሣል፤ ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያም አንድ እጅ አቼቶ በአንድ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይፈስበትና ሩብ ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል። ኢንዛይም፣ ማለትም የሽንትን ንጥረ ነገር የሚያፈርስ ፕሮቲን ያለበት የልብስ ሳሙና ከተገኘ ከአቼቶ ይበልጣል። በረኪና በሽንት ላይ በቀጥታ ወይም ከአቼቶ ጋር ተቀላቅሎ መፍሰስ የለበትም፤ ሁለቱም ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣሉ።

በአፈር ወለል ላይ ሽንቱ ወደ ታች ስለሚሰርግ ማጠብ አይበቃም፤ የረጠበው አፈር ሁለት ጣት ያህል ተጭሮ ይወጣና በአዲስ አፈር ተተክቶ እንደገና ይለቀለቃል። የውሻው ሳህን፣ መጥረጊያና መወልወያ ጨርቅ ለብቻቸው ተለይተው ቢቀመጡ ለጤናም፣ የሃይማኖት ንጽሕናን ለሚጠብቁ የቤተሰቡ አባላትና ጎረቤቶችም ይበጃል። ኩሱ በአካፋ ተነሥቶ በጥልቅ ይቀበራል፤ በውስጡ ያሉት የትል እንቁላሎች ሕፃናትን ስለሚጎዱ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ውሻውም በሐኪም ምክር በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ይሰጠዋል።

8. የሌሊቱን ማላዘን መቀነስ

ቀን የሚተኛ ውሻ ሌሊት ነቅቶ ያድራል፤ ስለዚህ የሌሊቱ ሥራ የሚጀምረው ጠዋት ነው። ከቁርስ በኋላ ሩብ ሰዓት የጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላም አጭርና ዝግ ያለ ጉዞ፣ ቀን ላይም ቁራሽ ምግብ በጨርቅ ጠቅልሎ በሽታ እንዲፈልግ ማድረግ አእምሮውን ያነቃዋል። ማታ በማደሪያው አጠገብ ደብዛዛ መብራት ይበራል፤ መብራት ለሚቋረጥበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፖል ይበቃል። የቤተሰቡ አባል የለበሰው አሮጌ ጨርቅ በማደሪያው ቢቀመጥ ሽታው ያረጋጋዋል።

ሲያላዝን መጮህም ሆነ ረጅም ጊዜ ማጫወት ሁለቱም ስሕተት ናቸው። አንድ ሰው በዝግታ ቀርቦ ይመለከተዋል፤ ውኃው እንዳላለቀበት፣ ማደሪያው እንዳልረጠበና መውጣት እንዳልፈለገ ያረጋግጣል፤ አውጥቶ ያሸናውና ብዙ ሳይናገር ይመልሰዋል። ጆሮው የደነቆረ ውሻ በድንገት ከተነካ ሊናከስ ስለሚችል ከፊቱ መቅረብ ወይም መሬቱን በእግር መታ መታ ማድረግ ያስፈልጋል። ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙት የጀጎል ግቢዎች ድምፅ ከቤት ቤት ስለሚሄድ፣ ጎረቤት ውሻው ያረጀና የታመመ መሆኑን፣ ሕክምናም እየተደረገለት መሆኑን አስቀድሞ ቢያውቅ ከሟርት ወሬም ከጠብም ይዳናል።

9. መድኃኒትን በሚመለከት

ከፋርማሲ ለሰው የሚሸጡ ማስታገሻዎች ለውሻ አይሰጡም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ያበላሻሉ፤ ፓራሲታሞልም በመጠኑ ካልታዘዘ ጉበቱንና ደሙን ይጎዳል። ለመገጣጠሚያ ሕመም ሜሎክሲካምን የመሳሰሉ ለውሻ የሚሆኑ መድኃኒቶች አሉ፤ እነርሱም የሚሰጡት ኩላሊቱ ከተመረመረ በኋላ ነው። ለአእምሮ መድከም ሴሌጂሊን የተባለው፣ በሰው ላይ ለፓርኪንሰን በሽታ የሚታዘዘው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ለውሻ ተፈቅዷል፤ ከትራማዶልና ከድብርት መድኃኒቶች ጋር ግን አደገኛ ስለሚሆን፣ ሐኪሙ ውሻው የሚወስደውን ሁሉ ማወቅ አለበት። ይህ መድኃኒት ሕመሙን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም።

10. ሕክምና ሲያበቃ

ሁሉም ተሞክሮ ውሻው መብላት ሲያቆም፣ ሳይደገፍ መቆም ሲያቅተው፣ በገዛ ሽንቱ ውስጥ ተኝቶ ቆዳው ሲቆስል ወይም ሕመሙ በማስታገሻ አልረታ ሲል፣ ከመልካሞቹ ቀናት መጥፎዎቹ መብዛታቸውን ከማስታወሻው አይቶ ከሐኪም ጋር መወሰን የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። በሐኪም እጅ በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት እንስሳውን አስተኝቶ ያለ ሥቃይ ያሳርፈዋል። ውሻውን ሩቅ ወስዶ መጣል ለረኀብና ለጅብ መስጠት ነው።

መርዝ መስጠት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በሐረር በንግድ ሥራ የኖረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሸቀጡ ላይ የሚሸኑ ውሾችን በመርዝ እንደገደለና ጉዳቱ ለሌሎች እንስሳትም እንደተረፈ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ። ለውሻ መግደያ የሚውለው ስትሪክኒን ጡንቻን እያኮማተረ በጭንቀት የሚገድል መርዝ ነው፤ የሞተውን ውሻ የበላ ጅብ፣ አሞራ ወይም ሌላ ውሻም በዚያው መርዝ ሊሞት ይችላል። በሕመም የሞተ ውሻም ቢሆን ጅብ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ተቀብሮ ድንጋይ ይጫንበታል።

በዚህ መመሪያ ከተዘረዘሩት እርምጃዎች አብዛኞቹ ከጣውላ፣ ከጆንያ፣ ከአቼቶና ከጥቂት ሰዓት በላይ ወጪ አይጠይቁም። ስለዚህ ያረጀ ውሻ ያለው ቤተሰብ ሁሉ፣ ውሻው የዓመቱን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዱን ዛሬውኑ ያረጋግጥ፤ ካልወሰደም ያስከትብ፤ ማስታወሻውንም ዛሬ ማታ ይጀምር።